የወረቀቱ በሬ

ያን ዓመት ከብቶቻችን አለቁ። በሽታው ገንዲ ነበር፤ የቆላ ዝንብ ያመጣዋል። መጀመሪያ ፀጉራቸው ቆመ። ቀጥሎ ዓይናቸው ያነባ ጀመር። ከዚያ ሣር ፊታቸው እያለ መብላት ተዉ፣ በጎናቸው ተኙ፣ አልተነሡም። ዝናቡ ዘገየ። ሲመጣም ባሮ ሞልቶ የወንዝ ዳር በቆሏችንን ይዞት ሄደ። ታናሽ እህቴ ኛይየን ወተት አጥታ ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ቀጠነ። እናቴ ከረግረጉ የውኃ አበባ ፍሬ እየለቀመች ትቀቅልልን ነበር። አባቴ ያክ የከብቶቹን ቁጥር ተናግሮ አያውቅም፤ በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ከብት በአፍ አይቆጠርም። እኔ ግን ችካሎቹን ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ አንድ ችካል ነበር። በሁለቱ ላይ ብቻ ገመድ ቀረ።

መጨረሻ የሞተው ኩዋች ነው።

ኩዋች በእኛ ቋንቋ ነብር ነው። በሬው እንደ ነብር ዝንጉርጉር ስለነበረ ስሙ ወጣለት። አባቴ ጎርምሶ የወንድነት ምልክት ግንባሩ ላይ በተቆረጠለት ጊዜ፣ በሬውን ገና ጥጃ ሳለ አባቱ ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩዮቹ አባቴን ያክ አይሉትም፤ ኩዋች ይሉታል። የእኛ ወንድና በሬው በአንድ ስም ይኖራሉ። አባቴ የበሬውን ግራ ቀንድ በለጋነቱ በስለት እየገራ ወደ ታች እንዲያድግ አድርጎታል። ቀንዱ ግንባሩን አቋርጦ አንድ ዓይኑን ይጋርድ ነበር። ማታ ማታ ከብቱ ሲገባ አባቴ ጎኑ ቆሞ ይዘፍንለታል። እኛ ልጆች በሞቀው የኩበት አመድ ላይ ተኝተን እንሰማለን።

በሬው ከሞተ በኋላ አባቴ አልዘፈነም። አልሳቀም። ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም። እናቴ አንድ ቀን ለጎረቤት፣ “ከብቶቹስ ሞቱ፤ ይኼኛው መቼ ይነሣ ይሆን?” ስትል ሰማኋት። ስለ አንድ የታመመ ጥጃ የምታወራ መስሎኝ በረቱን ዞሬ ፈለግሁት።

ከኢታንግ ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሣር የለበሰ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነበረን። አስተማሪው ወንዳፍራሽ ይባላል። ከጎሬ የወረደ ቀጭን ወጣት ነው። ጋሼ እንለው ነበር። የዚያን አገር ነውር ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ሠርቶ ጨረሰ። ውኃ ራሱ ይቀዳል። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ በመንገድ ይሄዳል። ወንድ በባዕድ ሴት ፊት አይበላምና ልጃገረዶቹ ሲያዩት ፊታቸውን ሸፍነው ይሮጡ ነበር። እሱ ደግሞ የሮጡት በሽንኩርት ሽታ መስሎት በሳሙና አፉን ታጠበ። ይህን ራሱ ነው የነገረን፤ እየሳቀ።

ከትምህርት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋል። ይጽፍና ብቻውን ይስቃል። ብቻውን የሚስቅ ሰው በእኛ ሠፈር በሽተኛ ነው። ትላልቆቹ ሲያልፉ ይመለከቱትና፣ “ደጋ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ ጭንቅላቱን ነካው” ይላሉ።

አንድ ጠዋት ዓሣ ይዤ ስመለስ በአስተማሪው አጥር በኩል አለፍኩ። አጥሩ ሸምበቆ ነው፤ ያሳያል። አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጧል። አስተማሪው ደብተሩን ይዟል። በመካከላቸው ሙት የሚባለው ሰው አለ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ነው፤ ከሚስዮኖች ዘንድ ተምሮ አማርኛ ያውቃል። አስተማሪው በአማርኛ ያነባል፣ ሙት ወደ እኛ ቋንቋ ይመልሳል። አስተማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚያነብ ከአማርኛው የያዝኩት አንድ ቃል ነው። “ኩዋች።” ደግሞ፣ “ኩዋች።” ሙት ሊተረጉም አፉን ከፈተና ሳቅ ቀደመው። አስተማሪውም ሳቀ።

አባቴን አየሁት። በእጁ መዳፍ ዓይኖቹን ሸፍኗል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም ትከሻው የሚንቀጠቀጠው በአንድ ዓይነት ነው። ይህን ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

አባቴ ቀና አለና በእኛ ቋንቋ፣ “ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይበለው” አለ። ድምፁ ወፍሯል። በእኛ ሠፈር የተሰደበ ሰው ለሰዳቢው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ወንድ ከሆንክ በአደባባይ በለው ማለት ነው። ዓሣዬን ጥዬ ሮጥኩ።

በሳምንቱ አስተማሪው ክፍል ውስጥ፣ “ዛሬ አንድ አዲስ ተማሪ ላስተዋውቃችሁ” አለና ደብተሩን ከፈተ። ማንበብ ጀመረ። ቃሉን በቃሉ ባላስታውሰውም ነገሩን አስታውሰዋለሁ። አንድ ዝንጉርጉር በሬ መማር ፈልጎ ትምህርት ቤት ይገባል። በበሩ አልገባ ብሎ በግድግዳው ይገባል። ግራ ቀንዱ ዓይኑን ስለሚጋርደው የጥቁር ሰሌዳውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነበው። አስተማሪው ይጠይቀዋል፤

“ሁለት ላምና ሁለት ላም ስንት ነው?”

“የማን ናቸው?” ይላል በሬው።

“የማንም ይሁኑ! ስንት ናቸው?”

“ባለቤታቸው ሳይፈቅድ አልቆጥርም። አንተ ልትሰርቃቸው ነው እንዴ?”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አርባ ልጅ አብሮ ሳቀ። ገንዲ ከገባ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም ነበር። ጥጃዎቻቸውን በእጃቸው የቀበሩ ልጆች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ቀንዱን አውቄዋለሁ። ዝንጉርጉሩን አውቄዋለሁ። የአባቴ በሬ ሞቶ ቆዳው ሳይደርቅ ደደብ ተማሪ ሆኖ ተሳቀበት።

ከፊቴ የሚቀመጠው ማይ ዞረና እንደ በሬ ጮኸብኝ። “እምቧ! አባትህ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?”

ጉንጩን በጥፊ አልኩት። አስተማሪው ለያየን። በምን እንደተጣላን ጠየቀ፤ አልተናገርንም። የበሬ ነገር በባዕድ ፊት አይነገርም።

በማግሥቱ አስተማሪው ሊታጠብ ወደ ወንዝ ሲወርድ ጎጆው ገባሁ። ሰማያዊው ደብተር አልጋው ላይ ነበር። በሸሚዜ ውስጥ ጨምሬ በታችኛው መንገድ ሄድኩ። ከዳገቱ ላይ ወረወርኩት።

ይሰጥማል ብዬ ነበር። አልሰጠመም። ተከፍቶ፣ ገጾቹ ተዘርግተው፣ ቀስ እያለ ሄደ። ቀለሙ ከኋላው እንደ ጭስ ቀረ። ወንዙ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት። አባቴን ከውርደት ያዳንኩት መሰለኝ።

አስተማሪው ሁለት ቀን ፈለገ። ከዚያ ክፍል ገብቶ፣ “ደብተሬን ያየ አለ?” አለ። ማንም አላየም። አርጩሜ በእጁ የለም። ጥቂት አሰበና፣ “ገባኝ” አለ። “የወንጌላዊው ፍየል ናት። ሰሞኑን አተኩራ ታየኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሳልፋት ልታርመኝ ፈለገች።”

ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ጠመኔውን አንሥቶ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጽፍ ቆመ። የምንሠራውን ሒሳብ የሚያስብ መሰለኝ።

የትምህርት መዝጊያ ቀን ወላጆች ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። አባቴ ራሱን ተላጭቶ፣ ገላውን ዘይት ቀብቶ፣ ዶቃውን አጥልቆ መጣ። እኩዮቹን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ሩቅ ሠፈር ካሉት ሳይቀር። ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሊጣላ የመጣ መሰለኝ። አስተማሪው ግን ባዶ እጁን ነው፤ ደብተር የለውም። ደስ አለኝ።

አስተማሪው ስለ አንድ በሬ እነግራችኋለሁ ብሎ በቃሉ ጀመረ፤ ሙት ይመልስለታል። ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ የበሬው ዘፈን ያለበት ቦታ ደረሰ። ዘፈኑን በእኛው ቋንቋ ሊለው ሞከረ። የመጀመሪያውን ስንኝ አለ። ሁለተኛውን ሳተ፤ የሌላ ሰው በሬ ውዳሴ ከኩዋች ላይ ለጠፈ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የሰው በሬ ዘፈን ተሳስቶ ከሚነገር ባይነገር ይሻላል። አስተማሪው ይህን ያውቃል፤ ቆመ። ላቡ በአገጩ ወረደ።

አባቴ እጁን አነሣ። “ይበቃል” አለው። “ጥፋት የለም።”

ተነሥቶ ሄደ። ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ ተራመደ። ከባድ ነበር። ከዚያ ቀን ይልቅ የኮራሁበት ቀን አላስታውስም። ቤት አጠገብ ስንደርስ፣ “አስተማሪው ክፍል ውስጥ አንብቦላችሁ ነበር?” አለኝ።

“አላነበበልንም።”

“ምንም?”

“ምንም።”

እጁን ከራሴ አነሣ። ሌላ አልጠየቀኝም። በዚያው ክረምት አስተማሪው ወደ ጎሬ ተዛወረ። እኔም ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ተውኩት።

አባቴ ብዙ ኖረ። ከብትም እንደገና አፈራ። ሌላ በሬ ግን አልሰየመም፤ አልዘፈነምም። ሲሞት እኔ ሰው ሆኛለሁ፤ ልጆች አሉኝ። በለቅሶው ላይ ሙት ሸብቶ፣ በምርኩዝ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ስለ አባቴ አወራኝ።

“ኩዋችን በሞት የተነጠቀ ጊዜ የልቡን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ” አለ። “ራሱ ነው ወደ አስተማሪው የወሰደኝ። እንዲህ በለው አለኝ፤ ‘ለቅሶ ሞልቶናል። ልጆቼ ኩዋችን የሚያስታውሱት ሬሳውን ነው። የሚያስቅ አድርገህ ጻፈው፤ ይነሣልኝ።’ ሰባት ጠዋት ተመላለስን። አባትህ ይነግራል፣ እሱ ይጽፋል። ዘፈኑንም ሰጠው፤ በፊደል ጻፈው። ሁለት ላምና ሁለት ላም የሚለው ትዝ ይልሃል? እሱ የአባትህ ነው። አስተማሪው መልሶ ሲያነብለት እኔ በሳቅ መተርጎም አቅቶኝ ነበር።”

“አባቴ ያን ጊዜ አልቅሶ አልነበረም?”

“አልቅሶ?” ሙት አየኝ። “ከሳቅ ብዛት ከግንዱ ሊወድቅ ነበር እንጂ። ከዚያ ደብተሯን ፍየሌ በላቻት ተባለ። ፍየሌን ያን ሰሞን አረድኳት።”

ከለቅሶው ተነሥቼ ወጣሁ። የሚያየኝ በሐዘን መስሎታል።

በእኛ ደንብ የሰው በሬ የገደለ በሬ ይከፍላል። ባለቤቱ ቢሞት ዕዳው አይሞትም። እኔ በወረቀት ላይ ዳግም የተነሣውን በሬ ገደልኩ። ለአባቴ የምከፍልበት ጊዜ አልፏል። አስተማሪው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። በጀልባ ላይ ሠራሁ፣ ጭነት ተሸከምኩ፣ ጋምቤላ ከተማ ገብቼ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል የነበረችው የልጅ ልጄ ጣቢታ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ታነብና ትንከተከታለች። አንዲት ፍየል የአስተማሪ ደብተር ትበላለች። ከዚያ በኋላ ስትጮህ ከሆዷ የሚወጣው የበላችው ታሪክ ነው። መንደሩ ሁሉ ታሪኩን ለመስማት ሣር ይዞላት ይሰለፋል።

“አባባ፣ ለምን አትስቅም?”

“ፍየሏን አውቃታለሁ።”

“ውሸታም!” አለች እየሳቀች።

መጽሐፉን ገለበጥኩት። ከጀርባው ፎቶግራፍ አለ። ሽማግሌ ነው፤ የጋሼን ፈገግታ ግን አልሳትኩትም። ለልጆች አስቂኝ መጻሕፍት ሲጽፍ እንደኖረ ከሥሩ ተጽፏል። ጣቢታ፣ “ትምህርት ቤታችን መጥተው አነበቡልን እኮ” አለችኝ። “የሲስተር ወለላ አባት ናቸው። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ። እዚሁ ከሷ ጋር ነው የሚኖሩት።”

ከመጋዘኔ እስከ ሲስተር ወለላ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ለመሄድ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ፈርቼ ነው። ሰውየው ሰማንያ እየተጠጋው ነው፤ እኔ ስዘገይ ሞት ይቀድመኛል ብዬ የፈራሁት ፍርሃት ከዚያኛው ሲበልጥ ሄድኩ። እሑድ ነበር፤ ከአምልኮ መልስ። ጣቢታን ይዣታለሁ።

በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ሲስተር ወለላ ወንበር አወጣችልኝ።

“ጋሼ፣ ዊዩዋል ነኝ። የያክ ልጅ። ከኢታንግ ታች።”

አተኩሮ አየኝ። “ስምንት ጊዜ ስምንት ያልወጣልህ?”

“አዎ።”

“አሁንስ?”

“አሁንም አልወጣልኝም።”

“ጎበዝ። ሰው በአቋሙ ሲጸና ደስ ይላል።”

ካልተናገርኩ በቀልድ እንደሚያሳልፈኝ አወቅሁ። “ሰማያዊውን ደብተር ባሮ የጨመርኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ሲስተር ወለላም በሩ ላይ ቆመች።

“ፍየሏስ?” አለ።

“አልነካችውም።”

“ኧረ ተው! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስሟን አጥፍቻለሁ እኮ! ስድስት ጊዜ ነው ያሳተምኩባት! ወለላ፣ እስኪ እይው፣ ፍየሏ መጣች!”

ጣቢታ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀና፣ “ለምን?” አለኝ። እንደ አስተማሪ አይደለም የጠየቀኝ።

ነገርኩት። አጥሩን፣ ትከሻውን፣ ማይን፣ ሁሉን። ሳያቋርጥ ሰማ።

“አባትህ አውቆ ነው የሞተው?”

“አላወቀም።”

“እኔም ጥፋት አለብኝ” አለ። “የማን ልጅ እንዳለ ሳላይ ነው ያነበብኩት። ወጣት ነበርኩ፤ መሳቃቸውን ለማየት ቸኮልኩ።” እጁን አነሣና መንቀጥቀጡን አሳየኝ። “ስንት መጽሐፍ ጻፍኩ። ያንን ግን አልጻፍኩትም። በሬው የአባትህ ነው፤ ዘፈኑም። በቃሌ ሞክሬ ያሳፈርኩትን ሰው ሁለተኛ አላሳፍርም ብዬ ተውኩት። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ስሜን እንኳ መፈረም አልችልም።”

“ዘፈኑን እኔ አውቀዋለሁ” አልኩ።

ከልጅነቴ በኋላ ድምፄን አውጥቼ ብዬው አላውቅም። በዚያ በረንዳ ላይ አልኩት። አንድ ስንኝ አልጎደለም። ሲስተር ወለላ ቋንቋውን አትሰማም፤ ግን እስክጨርስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

“ጻፈው” አለኝ።

“ስድስተኛ ክፍል ነኝ፣ ጋሼ።”

“በሬው ስንተኛ ነበር?”

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እየሄድኩ ጻፍኩ። እጄ ዘንግ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ በቀን አንድ ገጽ ነው የሚወጣልኝ። ዘፈኑን ከጻፍኩ በኋላ ሌላውን ጻፍኩ፤ አባቴ ያልነገረውን፣ እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁትን። ኩዋች የእናቴን ገንፎ ጨልፎ ሲበላ ተይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደቆመ። ወንዝ ሲሻገር ካልተዘፈነለት ንቅንቅ እንደማይል፣ ሲዘፈንለት ደግሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ መሐል ወንዝ ቆሞ እንደሚያዳምጥ። ዝናብ ሲጥል ከላሞቹ ሆድ ሥር ሊጠለል እንደሚሞክር። አስተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ፊደል ስስት ሊያርመኝ ይጀምርና ይተወዋል። አንዳንዴ፣ “እዚህ ላይ ቶሎ አትሂድ፤ ልጆቹ ገና እየሳቁ ነው” ይለኛል። ቆም እላለሁ።

ባለፈው ጥር አለቀ። እሑድ ጠዋት ጣቢታን ይዤ ሄድኩ። ከብት ስንረካከብ ደንብ አለን። ተቀባዩ ይጠይቃል፣ ሰጪው እውነቱን ይመልሳል፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ይሰማል። ይህን ለአስተማሪው ልነግረው ስል እሱ ቀደመኝ፤ ከእኛ ጋር ኖሯል።

“ወለላ፣ ነይ እዚህ ቁሚ። ጣቢታ፣ አንቺም።” ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ መንቀጥቀጡ ገጾቹን አንኮሻኮሸ። ጉልበቱ ላይ አደረገው።

“ጤናው እንዴት ነው?”

“ደህና ነው።”

“ጠባዩስ?”

“ሰነፍ ነው። ሥራ ሲያይ ያነክሳል።”

“ይዋጋል?”

“አይዋጋም። ይሰርቃል።”

“የማን ነው?”

“የያክ ነው” አልኩ። “ልጁ ነኝ ያመጣሁት።”

አስተማሪው ተነሥቶ ለመቆም ሞከረ። ሲስተር ወለላ ልትደግፈው እጇን ስትዘረጋ በዓይኑ ከለከላት፤ ወንበሩን ይዞ ራሱ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

“ተረክቤያለሁ” አለ።

ጣቢታ ሰምታለች። ሲስተር ወለላም ሰምታለች።